መርፌ የሚነሳበት ዘፈን

ይህን ስጽፍ ማንንም እመኑኝ ብዬ አልለምንም። ያመነ ይመን፣ ያላመነ ይለፈው። መታለፍ ለእኛ ቤት አዲስ አይደለም።

ነገሩ ግን ሆኗል።

ቀኑ ቅዳሜ ነው። ሰዓቱ ከቀኑ አስር። ቦታው ኩንሳን ከተማ፣ ወደቡ አጠገብ። ሌሊት አልነበረም፣ መብራትም አልጠፋም...

ፀሐይ በመስኮቱ ፊት ለፊት እየመታን፣ ሕዝብ እያጨበጨበ ነው የሆነው።

ከሥሩ ልንገራችሁ።

ስሜ ቦንግ ማንሱ ይባላል። የዓሣ መኪና ሾፌር ነኝ። ከቡሳን እጭንና አንዱን ቀን ዴጉ፣ አንዱን ቀን ጆንጁ፣ ሌላውን ቀን ሴኡል አራግፋለሁ። ዓሣው እስኪራገፍ ሌላው ሾፌር ሾርባውን ጠጥቶ ጋደም ይላል። እኔ የድሮ ዘፈን ሸክላ የሚሸጥበት ቤት እሄዳለሁ።

በየከተማው ያሉትን ሸክላ ቤቶች አውቃቸዋለሁ። ምድር ቤት ያሉትን፣ ፎቅ ላይ ያሉትን፣ ከጫማ ሰፊ ጀርባ የተወሸቁትን። እነሱም ያውቁኛል። ገና በሩን ስገፋው፣

"መጣ ዓሣው! እጅህን ሳትታጠብ እንዳትነካ!" ይሉኛል።

ይሁን። ሥራዬ ነው የሚሸተው።

ነጭ ጓንት አጥልቀው ሸክላ የሚያገላብጡ የተማሩ ልጆችም አሉ። ስጠጋቸው ፈቀቅ ይላሉ። አንዱ ከላይ እስከ ታች አየኝና፣ "ጋሼ፣ እርስዎም ሙዚቃ ያዳምጣሉ?" አለኝ።

እርስዎ"ም"።

ያቺን "ም" እስከ ዛሬ አልረሳኋትም።

እኔ ግን የምፈልገው ሙዚቃቸውን አልነበረም። የሸክላውን መጨረሻ ነው።

ወታደሮቹ አገር በሚገዙበት ዘመን ያደገ ሰው ያውቀዋል። ማንም ዘፋኝ ሸክላ ሲያወጣ፣ መጨረሻው ላይ አንድ "ጤናማ ዘፈን" የግድ ነበር። ጥረጉ፣ ሥሩ፣ በጠዋት ተነሱ የሚል። እሱ ከሌለ ሸክላው አይወጣም። ትእዛዝ ነው።

ታዲያ የፍቅር ዘፈኑ አልቆ ጤናማው ሊጀምር ሲል፣ ሰው ሁሉ እጁን ይዘረጋና የማጫወቻውን መርፌ ያነሳል። ሻይ ቤቱ ያነሳል፣ ሠርግ ቤቱ ያነሳል፣ የእናቴ ጎረቤቶች ያነሳሉ። እጅ ለመደ። ሽማግሌዎቹ ዛሬም ሳያስቡት ነው የሚያነሱት።

ያን ጤናማ ዘፈን የዘፈነችው እህቴ ናት።

ቡንሬ ትባላለች። እኔ እትዬ ነበር የምላት። ታዋቂዎቹ ያን ዘፈን ስለሚንቁት፣ ከክር ፋብሪካ "ድምፅ ያላት ልጅ አለች" ተብላ ተጠራች። አንድ ቀን ዘፈነችው። ያንኑ ቅጂ እየገለበጡ በስንቱ ሰው ሸክላ ጅራት ላይ ለጠፉት። ስሟን የትም አልጻፉም።

አስቡት እስቲ... ያልገባችበት ቤት የለም። የሰማት ሰው የለም።

ፎቶዋን ጎርፍ ወሰደው። ለእኔ የቀረኝ የሌላ ሰው ሸክላ መጨረሻ ነው።

ያስዘፈናት ሶኑ ህዮክ ነበር። ያኔ የፍቅር ዘፈን ንጉሥ ይሉታል። "የራስሽን ሸክላ አወጣልሻለሁ" ብሎ ነበር ያመጣት። ቆይታ ስትጠይቀው እኔ አጠገቧ ቆሜ እያለሁ ሳቀባት።

"ቡንሬ፣ አንቺን እኮ ሰው መርፌ አንስቶ ነው የሚያልፍሽ። ማን ይሰማሽና!"

እንዲህ እያላትም ሌላ ሸክላ አስቀራጭ ሊወስዳት ነው ሲባል ሰማ። ክረምቱ ከባድ ነበር። አንድ ምሽት ከቀረጻ በኋላ በቀረጻ ቤቱ ጓሮ ክፍል አስተኛትና... ከውጭ ቆለፈባት። ክፍሉ እንዲሞቅ ከወለሉ ስር የከሰል ጡብ ይነዳል። ወለሉ ተሰንጥቆ ነበር።

ጠዋት ሲከፍቱት ፊቷ እንደ ኮክ ቀልቷል። የከሰል ጭስ የገደለው ሰው እንደዚያ ነው፤ ያማረበት ይመስላል።

ጥፍሮቿ ግን በሩ እንጨት ላይ ነበር የተገኙት።

ሶኑ ህዮክ ለቅሶ መጣ። እናቴ ፊት ተንበረከከና፣

"ከውጭ የቆለፍኩት ለእሷው ብዬ ነው እናቴ። ሌባ እንዳይገባባት ነው" አለ።

ማን ይናገረው? ጎረቤቱ ሁሉ አንገቱን ደፋ። በራፍ ላይ ጫማውን ሲያጠልቅ ግን ለጓደኛው የነገረውን ሰምቻለሁ።

"ለጤናማ ዘፈን ሴት አትጠፋም።"

ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ነገር ብቻ ተመኘሁ። ይሙት አላልኩም። መርፌውን ሳያነሳ... አንድ ጊዜ ብቻ... እስከ መጨረሻው እንዲሰማት።

ዘፈኑን እንደ ስሜ አውቀዋለሁ። የት እንደምትተነፍስ፣ የት ድምፅዋ እንደሚሳሳ። እንዲህ ነው የሚለው፦

"ጎህ ቀደደ፣ ጎረቤት ተነሳ፣ ደጃችንን እንጥረግ፣ በራችንን እንክፈት..."

ከ"እንክፈት" በኋላ ምንም የለም። ክርርር... ክርርር... ባዶ ሸክላ ብቻ።

ባለፈው መኸር ዴጉ ላይ፣ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ባለው ሸክላ ቤት ቁጭ ብዬ እየሰማሁ ነው።

"...በራችንን እንክፈት።"

ክርርር...

ከዚያ አንድ ሰው ሳለ።

ዞር አልኩ። ማንም አልሳለም። መርፌውን መልሼ አስቀመጥኩት።

ክርርር... እህ። እህ።

ሸክላው ውስጥ ነው።

በሚቀጥለው ሳምንት ሴኡል፣ የምድር ቤቱ ገበያ ውስጥ ጋሽ ታክ ዘንድ ሄድኩ። ጋሽ ታክ እድሜ ልኩን ሸክላ የሸጠ ሰው ነው። እሱ እንኳን ይሰድበኛል እንጂ አይንቀኝም።

"ጋሽ ታክ፣ አንድ ዘፈን አንዱ ሸክላ ላይ ሌላ፣ አንዱ ላይ ሌላ ሊሆን ይችላል?"

"ዛሬ ደግሞ ምን ጠጣህ? ሸክላ እኮ የሚታተም ነገር ነው። ሁሉም ከአንድ ማህተም ነው የሚወጣው። አንዱ ስሎ ሌላው ዝም አይልም።"

"ማን ስለ ሳል አወራ?" አልኩት።

ግራ የገባው መሰለኝ። "እንጃ... አፌ ላይ መጣ" አለ።

የሱቁን ቅጂ አስቀመጠልኝ። የፍቅር ዘፈኑ ሲያልቅ እጁ እንደ ልማዱ ተዘረጋ።

"ተው፣ አታንሳው!"

"እሺ እሺ፣ አትጩህብኝ።"

እትዬ ዘፈነች። ጨረሰች። ክርርር... ሳል መጣ ብዬ ስጠብቅ... ሌላ ነገር መጣ።

ቅር... ቅር... ቅር...

እንጨት የሚቧጭር ነገር።

"ሰማህ?" አልኩት በሹክሹክታ።

"ምኑን?"

"የሚቧጭረውን!"

"ምንም የለም። ጭረት ነው።" ከዚያ አፍንጫውን ከፍ አደረገ። "ይልቅ አንተ... ከሰል አይሸትህም? ዛሬ እኮ በዚህ ገበያ ከሰል የሚያነድ የለም።"

እኔም ሸቶኝ ነበር።

ሦስተኛው ጆንጁ ነው። የእማማ ኩ ሸክላ ቤት ከደረጃ ስር ያለች ጠባብ ክፍል ናት። እማማ ኩ ጆሯቸው ደክሟል፤ ቢጫ ወፍ በሽቦ ቀፎ ውስጥ ያሳድጋሉ። "እሷ ትሰማልኛለች" ይላሉ።

ከመደርደሪያቸው የሶኑ ህዮክን ሸክላ አውጥቼ አስቀመጥኩ። እትዬ ስትጀምር ወፏ ዝም አለች።

"...በራችንን እንክፈት።"

ክርርር... ሳል። ከዚያ መቧጨር። ከዚያ... ወደ ጆሮዬ ጠጋ ያለ ትንፋሽ።

"ማንሱ..."

ፀጉሬ ቆመ።

"ማንሱ... አምጣው።"

ጠብ የሚል ድምፅ ሰማሁ። ወፏ ከእንጨቷ ላይ ወድቃ፣ እግሮቿን ሰቅላ የቀፎው ወለል ላይ ተዘርግታለች።

"ምን ሆነችብኝ?" አሉ እማማ ኩ። "አሁን ደህና አልነበረች?"

ሸክላውን ገዛሁት። ምን ብዬ እተወዋለሁ? በሩን ከፍቼ ስወጣ፣ በሩ ላይ ስመጣ ያላየሁት ማስታወቂያ ተለጥፏል። አንድ ትልቅ ፊት ከእነጥርሱ ይስቃል።

"የሶኑ ህዮክ የሙዚቃ ቤት በኩንሳን ተመረቀ። ቅዳሜ የድሮ ሸክላዎን ይዘው ይምጡ፤ መምህሩ ራሳቸው ያጫውቱልዎታል።"

አምጣው ያለችኝ ገባኝ።

ቅዳሜ ዓሣዬን ሳላራግፍ ነው ኩንሳን የገባሁት። ይበላሽ። ሸክላውን እቅፌ ውስጥ ይዤ ከሕዝቡ ጋር ተሰለፍኩ። የሙዚቃ ቤቱ ያምራል፤ ፎቶው፣ ሽልማቱ፣ የለበሰው ኮት ሳይቀር በመስታወት ውስጥ ተሰቅሏል። መሃል አዳራሹ ላይ ደግሞ የድሮ ሻይ ቤቶችን አስመስለው ሸክላ አጫዋች የሚቀመጥባት የመስታወት ሳጥን ሠርተዋል። አንድ ሰው፣ አንድ ማጫወቻ፣ አንድ ማይክራፎን የምትይዝ። በሯ ከወዲህም ከወዲያም የሚገፋ ነው።

መቆለፊያ የለውም። ይህን ልብ በሉልኝ። ቀረብ ብዬ አይቼዋለሁ። መቆለፊያ የለውም።

ሶኑ ህዮክ ገባ። ወፍሯል፣ ፀጉሩን ጥቁር ቀለም ተቀብቷል። ሰው ለክብሩ እየጎነበሰ "መምህር! መምህር!" ይለዋል። እኔ ጋ ሲደርስ አፍንጫውን ያዘ።

"ይሄ የዓሣ ሽታ ምንድነው? ባሕሩም እኔን ሊሰማ መጣ እንዴ!"

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ።

እኔም ሳቅኩ። ሸክላውን በሁለት እጄ ዘርግቼ ሰጠሁት።

"ከሩቅ ነው ያመጣሁት፣ መምህር።"

"ኦሆ! ይሄማ ወጣትነቴ ነው!" ሽፋኑ ላይ የራሱን ፎቶ ሳመው። "ከየት አገኘኸው አንተ?"

"ከየከተማው ፈልጌ።"

"ጎበዝ! የተማረው ሁሉ እንዲህ ቢፈልገኝ!"

አላወቀኝም። እንዴት ያውቀኛል? ያኔም አላየኝም።

የመስታወት ሳጥኗ ውስጥ ገብቶ የሸክላውን ሁለተኛ ገጽ አስቀመጠ። የፍቅር ዘፈኖቹ እያለቀሱ አለፉ፤ አሮጊቶቹ መሐረባቸውን አወጡ። መጨረሻው ሲቃረብ እጁ በራሱ ጊዜ ወደ መርፌው ሄደ። ሳያይ። እያወራ።

"የቀረውን እንኳን ታውቁታላችሁ፣ መርፌ የሚነሳበት ነው" አለ በማይክራፎኑ። እድሜ የጠገቡት ሁሉ ሳቁ።

"መምህር!" አልኩ። ድምፄ ወጣ። "ዛሬ ይጫወት።"

"ማን ይሰማዋል ደሞ?"

"እርስዎ።"

አንዲት አሮጊት "እውነቱን ነው፣ የልጅነታችን ነው፣ ይጫወት!" አለች። ሌላው ተቀበላት። "ይጫወት! ይጫወት!" እያሉ አጨበጨቡ።

ሶኑ ህዮክ ትከሻውን ነቀነቀና እጁን መለሰ። በሕይወቱ የመጀመሪያው ይመስለኛል።

"ጎህ ቀደደ፣ ጎረቤት ተነሳ..."

እትዬ አዳራሹን ሞላችው። ድምፅዋ እንደዚያ ትልቅ ሆኖ ሰምቼው አላውቅም። እሱ መጥረጊያ የያዘ መስሎ እየጠረገ ያሾፋል፤ ሰው ይስቃል።

"...በራችንን እንክፈት።"

አለቀ። እኛ ውጭ ያለነው ክርርር... የሚለውን ብቻ ነው የሰማነው።

እሱ ግን ቀና አለ።

የሆነ ሰው አጠገቡ የሳለ ይመስል ግራውን አየ። ከዚያ ወለሉን አየ። ከዚያ አፍንጫውን ያዘ... አሁን ግን ለቀልድ አልነበረም።

ዘፈኑ ከመጀመሪያው ጀመረ። ማንም አልነካውም።

"ጎህ ቀደደ..."

እጁን ወደ መርፌው ሰደደ። ሲያነሳው በዓይኔ አየሁ። አነሳው። ወደ ጎን አስቀመጠው። ዘፈኑ አልቆመም።

መስታወቱ ከውስጥ ጉም መልበስ ጀመረ።

በሩን ገፋው። ወደ ራሱም ሳበው። እንቢ። መቆለፊያ የሌለው በር... እንቢ አለ።

መምታት ጀመረ። ዷ... ዷ... ዷ... ከዘፈኑ ጋር ገጠመ። ሕዝቡም ምቱን የሚይዝላቸው መስሏቸው አብረው ማጨብጨብ ጀመሩ።

"አይ መምህር! አሁንም ልጅ እኮ ናቸው!"

"ፊታቸውን እዩት! እንደ ኮረዳ ቀላ!"

ቀልቷል። እንደ ኮክ።

ለበሩ የምቀርበው እኔ ነበርኩ። በጉሙ መሃል መዳፉን ለጠፈና ዓይኑን ዓይኔ ላይ ተከለ። ድምፁ አይወጣም። ከንፈሩ ግን ይነበባል።

ክፈት።

እጄ ኪሴ ውስጥ ነበር። እምላለሁ፣ በሩን አልነካሁም። አልያዝኩትም።

አፌን ወደ መስታወቱ አስጠጋሁና ቀስ ብዬ፣

"ሌባ እንዳይገባብዎት ነው፣ መምህር" አልኩት።

ያን ጊዜ አወቀኝ። ዓይኑ ሲያውቀኝ አየሁት።

"...በራችንን እንክፈት" አለች እትዬ፤ በሩም በራሱ ቀስ ብሎ ተከፈተ። ሶኑ ህዮክ በግንባሩ እግሬ ስር ተደፋ።

ሰው አሁንም ያጨበጭብ ነበር።

የገደለው ልብ ነው አሉ። እድሜ ነው፣ ደስታ ነው አሉ። ቃሬዛ ይዞ የመጣው ልጅ ብቻ ፊቱን ትኩር ብሎ አየና ጓደኛውን በሹክሹክታ ጠየቀው።

"እዚህ ቤት ከሰል ይነዳል እንዴ?"

የተማራችሁ ስም ታወጡለት ይሆናል። እኔ የማውቀው አንድ ነገር ነው፤ ሰማት። እስከ መጨረሻው ሰማት። አላዘንኩም። አሁንም አላዝንም።

እዚህ ላይ ቢያበቃ ኖሮ ደግሞ ባልጻፍኩ።

ባለፈው ሳምንት፣ ያው ከቀኑ አስር ሰዓት ላይ፣ ጋሽ ታክ ሱቅ ተቀምጬ ነበር። በሰላም ልሰማት ነው የሄድኩት። አሁን ዝም ብላ የምትተኛ መስሎኝ።

ጋሽ ታክ ያንኑ የሱቁን ቅጂ አስቀመጠ። እትዬ ዘፈነች። ጨረሰች።

ክርርር...

ዷ... ዷ... ዷ...

ጋሽ ታክ ደንግጦ አየኝ። በዚህ ጊዜ እሱም ሰምቷል።

"ክፈት..." አለ አንድ ሽማግሌ፣ ከሩቅ፣ ከሸክላው ሆድ።

ፈገግ አልኩ። አልዋሻችሁም፣ ደስ አለኝ።

ከዚያ ሌላ ድምፅ መጣ። ሻካራ፣ ቀስ ያለ፣ ወደ መስታወት የተጠጋ።

"ሌባ እንዳይገባብዎት ነው፣ መምህር።"

ጋሽ ታክ ፊቱ አመድ ሆነ።

"ማንሱ... ይሄ እኮ አንተ ነህ።"

ሸክላው እኔ ልጅ ሳለሁ የታተመ ነው።

ከድምፄ ቀጥሎ ጸጥ አለ። ከዚያ ቅርብ ሆኖ... በጣም ቅርብ... በሱቁ በር ላይ ከውጭ መቀርቀሪያ ሲወረወር ተሰማ። ቀጭ።

ከሰል ሸተተኝ።

"አንሳው" አልኩ። በሕይወቴ ተናግሬው የማላውቀውን ቃል። "ጋሽ ታክ፣ መርፌውን አንሳው!"

"አንስቼዋለሁ እኮ..."

ቀና ብዬ አየሁት። የማጫወቻው ክንድ በጣቶቹ መሃል አየር ላይ ተንጠልጥሏል። ሸክላው ቆሟል።

"ጎህ ቀደደ..." ብላ እትዬ ከመጀመሪያው ጀመረች።